ትርፍ ሰው

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከመሃል ተነስቼ መኪናዬን ላጥብ የምሄድ ሰው ነኝ፣ መርሳ ውስጥ የሚያውቀኝን ሁሉ ብትጠይቅ ይህንኑ ነው የሚነግርህ። ሾፌሮች ሻይ ቤት ተሰብስበው አንዱ «ድልድዩ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት አስቁማኝ» ሲል፣ ሌላው «ኩርባው ጋ ስደርስ መብራቴ በራሱ ጊዜ ድርግም» ሲል፣ እኔ «መብራቱ ፊውዝ አቃጥሎ ነው፣ ሴትዮዋም መኪና አጥታ ነው» እልና አስቃቸው ነበር። ጂን በለው ዛር በለው፣ እኔ ጋ ቦታ አልነበራቸውም። ዛሬም ቢሆን አምኛለሁ አልልህም ወዳጄ፣ የሆነውን እንደሆነ ልንገርህና አንተው እንደፈለግህ አድርገው፣ ብቻ እመነኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ጊዜው ጦርነቱ ከእኛ አካባቢ ፈቀቅ ብሎ መንገዱ ገና የተከፈተ ሰሞን ነው። ወልድያ መብራት አልተመለሰም፣ ስልክም ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ ይዘጋል፣ ሰዉ ከተሰደደበት እየተመለሰ ማን አለ ማን የለም እያለ የሚጠያየቅበት ወቅት ነበር። እኔ በኮንትራት የምሠራባት አንዲት አሮጌ ዲኤክስ መኪና አለችኝ፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ጎማዎቿን ነቅዬ፣ ባትሪዋን ጓሮ ቀብሬ፣ እሷን ገለባ አልብሼ ነው ያተረፍኳት። ባለቤቴ ብርቄ ደግሞ ያን ሁሉ መከራ ያሳለፈችው ነፍሰ ጡር ሆና ነው፣ አሁን መውለጃዋ ደርሷል፣ ከዚያ በፊት የያዘችው ፅንስ ሳይጸና ቀርቶብን ስለነበር በጣም ነበር የምንፈራው። አምቡላንስ የሚባል ነገር በአካባቢው አልቀረም፣ ምጥ ቢመጣባት ወልድያ የማደርሳት እኔው ነኝ፣ በዚህችው መኪና። ይህን የምነግርህ መንጃ ፈቃዴ ሲያዝ ለምን እንደዚያ እንዳበድኩ እንዲገባህ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከወልድያ ወደ መርሳ የሚመለሱ ሰዎች በኮንትራት ያዙኝ። ትልቋ ሴት እማ ሐዋ ይባላሉ፣ የመርሳ ሰው ናቸው፣ ወንድማቸው በዚያ በመከራው ጊዜ ወልድያ ሞቶ፣ መንገድ ተዘግቶ ሳያለቅሱለት ቆይተው፣ ተዕዚያ፣ ያው ለቅሶ፣ ደርሰው መመለሳቸው ነው። ልጃቸው ሰይድና የሰይድ ሚስት አብረዋቸው ነበሩ፣ ሦስቱ ከኋላ ተቀመጡ፣ ከፊት ከእኔ ጎን ደግሞ የግቢያቸው ተከራይ የሆነ ካሳ የሚባል መምህር ገባ። አራት ሰው ነው፣ መኪናዋም የምትጭነው አራት ሰው ነው፣ በቃ። ዕቃቸውን ከትቼ፣ በሮቹን በራሴ እጅ ዘግቼ ተነሳን።

ከተማውን እንደወጣን ከኋላ በኩል ጠክ፣ ጠክ የሚል ድምፅ መጣ። ጉድጓድ ላይ ቢሆን ባልገረመኝ፣ ደህናው አስፋልት ላይ ነው የሚሰማው፣ ቀስ ያለ፣ እንጨት ወለል ሲነካ ዓይነት። «የኋላው ጎማ ሾክ ሄደ ማለት ነው» አልኩ በሆዴ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዳገቷን ስንይዝ መኪናዋ እንደማውቃት አልሆነችም፣ የኋላዋ ተኛ፣ ማርሽ ብቀይርም ከበዳት። ስፖኪዮውን ቀና ብዬ ሳይ ሦስቱ ሰዎች ወደ ሰይድ በኩል ተጠጋግተው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ተቀምጠዋል፣ ከእማ ሐዋ ወዲያ በበሩ በኩል ግን አንድ ሰው ደህና አድርጎ የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን ተትቷል። ብርድ ነው፣ መጠጋጋት ፈልገው ነው ብዬ አለፍኩት። የዚያ በር መስታወት ብቻውን ላቦት ይዞ ነበር፣ ሌሎቹ ንጹህ ናቸው፣ ያ ግን ሰው ሲተነፍስበት እንደቆየ ሁሉ ደፍኗል። ይህንንም አለፍኩት፣ ሾፌር ስትሆን ስንቱን ታልፋለህ።

ሲሪንቃ ልንደርስ ስንል ጎማዬን ልይ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ዳር ይዤ ቆምኩ። ወርጄ የቀኙን የኋላ ጎማ በእግሬ መታ መታ ባደርገው ደህና ነው። ቀና ስል ያው ባዶው ቦታ በኩል ያለው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መቆለፊያው ላልቶ ነው አልኩና ልዘጋው እጄን ሰድጄ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሳልዘጋው ቆምኩ። የማሽላው እርሻ ሳይታጨድ ቆሞ ደርቋል፣ ነፋሱ ያንሿሿዋል፣ እኔም በሩን እንደያዝኩ እሱን እያየሁ ቆየሁ። ከዚያ ዘጋሁት። ከተሳፋሪዎቹ አንድም ሰው «ምን ትጠብቃለህ?» አላለኝም፣ በኋላ ሳስበው መጀመሪያ ሊገርመኝ የሚገባው እሱ ነበር።

ሲሪንቃን አለፍ እንዳልን አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን አነሳ። ወጣት ሳጅን ነው፣ ፊቱ የጨዋ ልጅ ፊት ነው፣ ይህንንም ልመስክርለት።

«መንጃ ፈቃድ» አለኝ። ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየና፣ «ትርፍ ጭነሃል» አለኝ።

«የምን ትርፍ?»

«አምስት ሰው ነው የያዝከው።»

ሳቄ መጣ። «ሳጅን፣ ጠጋ ብለህ ቁጠር እንጂ!»

አልተቆጣም፣ ጠጋ ብሎ በእስክሪብቶው እየጠቆመ ቆጠረ፣ እኔም ከእስክሪብቶው ጋር አብሬ ቆጠርኩ። መምህሩ፣ ሰይድ፣ የሰይድ ሚስት፣ እማ ሐዋ። እስክሪብቶው ግን እማ ሐዋ ላይ አልቆመም፣ ወደ በሩ በኩል ትንሽ ፈቀቅ አለና፣ «አምስት» አለ።

«እዚያ ጋ ማን አለ?» አልኩት።

ቀጥ ብሎ አየኝ። «ወንድሜ፣ አታሹፍብኝ። ለትልልቆቹ ሰዎች ስል ነው መኪናህን የማላቆመው» ብሎ ክሱን መጻፍ ጀመረ።

ደሜ ፈላ። ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሬ «እስቲ ንገሩት እንጂ፣ ስንት ናችሁ?» ብል፣ መምህሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እማ ሐዋ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈን አደረጉ። የደንብ ልብስ ያየ ሰው ሁሉ በሚፈራበት ጊዜ አልፈረድኩባቸውም፣ ሳጅኑንም እጁን እንዳርስለት ፈልጎ ነው ብዬ ደመደምኩ። መንጃ ፈቃዴን ይዞ የክሱን ወረቀት ሰጠኝ። መርሳ እስክንደርስ አፌን አልከፈትኩም፣ ማለቴ፣ አልከፈትኩም ብዬ ነው የማስበው። ሲወርዱም ንዴቴ ስላልበረደ ዕቃቸውን ብቻ አውርጄ፣ ማን ወረደ ማን ቀረ ሳልል ሄድኩ። በማግስቱ መካኒኩ ጋ ወስጃት ከሥር ገብቶ ቢያያት «ሾክህ አዲስ ነው የሚመስለው፣ ሥራ አጥተህ ነው የመጣኸው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ብርቄ «ቅጣቱን ከፍለህ አትገላገልም?» አለችኝ። ነገሩ ግን ከፍሎ የሚገላገሉት አልነበረም፣ ቀድሞ የተመዘገበብኝ ጥፋት ስለነበር ይህ ሲጨመርበት መንጃ ፈቃዴ ታግዶ ይቆያል፣ እሷ ደግሞ ዛሬ ነገ እያለች ነው። በዚያ ላይ እልህ ያዘኝ፣ ያልጫንኩትን ሰው ጭኛለሁ ብዬ ልፈርም? ስለዚህ ይግባኝ አልኩ፣ ምስክር አምጣ ተባልኩ፣ ምስክር ደግሞ ሞልቶኛል ብዬ እማ ሐዋ ቤት ሄድኩ።

«እማ ሐዋ፣ ወልድያ አብረውኝ ይሂዱና ስንት እንደነበራችሁ ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

«ምን ቸገረኝ ልጄ፣ ያየነውን እንናገራለን» አሉ። መምህሩና ሰይድም እሺ አሉ፣ ምንም እንኳን መምህሩ «እርግጠኛ ነህ ግን?» ብሎ ደጋግሞ ቢጠይቀኝም። መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ በሚኒባስ ነው የሄድነው። መንገድ ላይ እማ ሐዋ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «አባትህስ ደህና ናቸው?» አሉኝ፣ እኔ አማቴን ያሉ መስሎኝ «ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ ይበሉ» አልኳቸው። እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ፣ ጨዋ ሰው ናቸው» አሉ። አማቴን የት እንደሚያውቋቸው ልጠይቅ ብዬ ተውኩት።

ትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ በርና መስኮቱ ተነቅሎ ባዶውን ስለቀረ ቅሬታ የሚሰማው ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ነበር። ጸጉራቸው የሸበተ ኢንስፔክተር ከየት እንደመጣ ከማይታወቅ የተማሪ ዴስክ ጀርባ ተቀምጠዋል፣ ሳጅኑ በጎን ቆሟል። ቃሌን ሰጠሁ፣ አራት ሰው ነው የያዝኩት፣ አምስት ብሎ የከሰሰኝ በሐሰት ነው አልኩ፣ እንዲያውም ትንሽ አገነንኩት። ኢንስፔክተሩ መምህሩን ጠሩት።

«ስንት ሰው ነበራችሁ?»

መምህሩ እኔን አየኝ፣ መሬት አየ። «አምስት» አለ።

የቀለደ መሰለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ሳቅሁ። እሱ ግን ቀጠለ፣ «ከኋላ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ አጠር ያሉ፣ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ወለሉን ጠክ ጠክ እያደረጉ ነው የመጡት።»

ጠክ ጠክ ሲል ሳቄን አቆምኩ። ስለዚያ ድምፅ ለመካኒኩ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ሰይድ ተጠየቀ። «አምስት ነን። ተጣበን እኮ ነው የመጣነው፣ ሚስቴ ጭኔ ላይ ልትወጣ ምንም አልቀራት። የሾፌሩ ዘመድ ናቸው ብለን ዝም አልን።»

«ምስክሮቹን ያመጣሃቸው አንተ ነህ?» አሉኝ ኢንስፔክተሩ።

«እኔ ነኝ።»

«በራስህ ላይ?»

«ጌታዬ፣ እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም፣ በሚወለደው ልጄ እምላለሁ» አልኩ። ይህን ስል መምህሩ ደነገጠ፣ እውነቴን ነው የምልህ ፊቱ አመድ መሰለ። «እሸቱ፣ ስታዋራቸው አልነበረም እንዴ?» አለኝ። «መንገዱን ሙሉ እኮ ስታወራቸው ነው የመጣኸው። ‹ቀስ በል› ሲሉህ ‹እሺ አባባ› ትላለህ። ሲሪንቃ ጋ ‹እዚህች ጋ አንድ አፍታ› አሉህ፣ ‹እሺ አባባ› ብለህ ቆምክ፣ ወርደህ በሩን ከፈትክላቸው። እርሻውን ዞር ዞር ብለው አይተው እስኪመለሱ በሩን ይዘህ ጠበቅካቸው። ፖሊሱን ‹አራት ነው› ብለህ ስትከራከረው እኛ አፍረን ነው ዝም ያልነው፣ አባትህን ከመኪና እንዳያወርዱብህ ስትል የምትዋሽ መስሎን።»

የእኔ አባት ወዳጄ፣ እኔ ጡት ሳልጥል በወጣትነቱ የሞተ ሰው ነው፣ መልኩን በፎቶ እንኳን አላውቀውም። ለኢንስፔክተሩ ይህንኑ ነገርኳቸው። እሳቸውም ትንሽ አሰቡና ወደ እማ ሐዋ ዞረው፣ «እናቴ፣ ያለቀሱለት ወንድምዎን ይመስሉ ነበር እንዴ?» ብለው በለስላሳ ድምፅ ጠየቋቸው።

«ኧረ የለም» አሉ እማ ሐዋ፣ «የእኔ ወንድም ረጅም ነው። እኒያን በዕድሜዬ አይቻቸው አላውቅም። ከጎኔ ናቸው የተቀመጡት፣ ካፖርታቸው ዝናብ ዝናብ ይሸታል።» በዚያ ሰሞን ዝናብ የሚባል ነገር አልነበረም።

«የት ወረዱ?»

ሰይድ እናቱን አየ፣ መምህሩ ሰይድን አየ። ሽማግሌው ሲወርዱ ያየ የለም፣ መምህሩ ከእነ ሰይድ ጋር ወረዱ ብሎ አስቦ ነበር፣ እነሱ ደግሞ ከሾፌሩ ጋር ቀሩ ብለው። ሳጅኑም እንደ ምስክር ተጠይቆ፣ «አምስተኛው ሰው ሽማግሌ ናቸው፣ ጎንበስ ስል እንዲያውም ሰላም ብለውኛል» አለ፣ ድምፁ እንደዚያን ቀን አልነበረም።

«ሾፌሩ ምን ነበር የሚያወራቸው?» አሉ ኢንስፔክተሩ። ይህ እንግዲህ ክሱን አይመለከትም፣ ሰው ሆነው ነው የጠየቁት።

እማ ሐዋ ወደ እኔ ዞረው በርኅራኄ አዩኝ። «የቤቱን ነገር ነው። ሚስቱ መውለጃዋ መድረሱን፣ መፍራቱን። ሴት ከሆነች እናኑ ልላት ነው አላቸው።»

አሁን ልብ በልልኝ። እናኑ የሚለውን ስም ያሰብኩት በዚያ በመከራው ጊዜ፣ ገለባው ውስጥ ከመኪናዬ ጎን ተኝቼ ነው። ሳይወለድ ስም መጥራት ብርቄ ስለማትወድ ለእሷ እንኳን አልነገርኳትም፣ ለብቻዬ ስሆን እንኳን በአፌ አልጠራሁትም። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ሳጅኑ ውኃ አመጣልኝ።

«ሽማግሌውስ ምን አሉት?» አሉ ኢንስፔክተሩ።

እማ ሐዋ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «እሱ የክሱ ጉዳይ አይደለም» አሉ።

ኢንስፔክተሩ መንጃ ፈቃዴን ከኪሳቸው አውጥተው ዴስኩ ላይ አስቀመጡት። «ትርፍ ሰው አልነበረም ብዬ እንዳልወስን አንተ ብቻ ነህ ያላየኸው። ነበረ ብዬ እንዳልወስን ደግሞ ሰውየውን የሚያውቅ የለም። ውሰድና ሂድ፣ ሚስትህን ጠብቅ» አሉኝ። ክርክሬን ያሸነፍኩት እንደዚህ ነው፣ ማሸነፍ ከተባለ።

ብርቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳትቆይ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ምጥ ያዛት፣ በዚያችው መኪና ወልድያ አደረስኳት፣ መንገዱን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ስፖኪዮውን ሳላይ ነዳሁ። በሰላም ወለደች፣ ሴት ናት። ስም ላይ ቀኑን ሙሉ አመነታሁ፣ ልተወው ብዬ ነበር፣ ከተውኩት ግን አምኛለሁ ማለት ነው ብዬ እናኑ አልኳት። ብርቄ ስሙን ወደደችው፣ ከየት እንዳመጣሁት አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም።

እማ ሐዋ ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ በገበያ ቀን ጎራ ይላሉ። እንቁላል ወይ ትንሽ ማር ይዘው ይመጣሉ፣ አይቀመጡም። ልጅቷን ይቀበሉና የቀኝ እጇን ከልብሷ ውስጥ አውጥተው፣ መዳፏን ዘርግተው፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየነኩ ያዩታል። አይተው ሲጨርሱ «አልሐምዱሊላህ» ብለው መልሰው ይሸፍኑታል፣ ይሄዳሉ። ብርቄ ምርቃት ነው ብላ ደስ ይላታል። እኔ ግን እሳቸው ከሄዱ በኋላ ያችን እጅ ስንቴ ገልጬ እንዳየኋት አትጠይቀኝ፣ የሕፃን እጅ ናት፣ ምንም የላትም።

አንድ ቀን አልቻልኩም፣ በር ድረስ ሸኘኋቸውና «እማ ሐዋ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ሰውየው ምን አሉኝ?» አልኳቸው።

ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። «ልጄ፣ ስለረሳኸው እኮ ነው ሰላም የምታድረው» አሉኝ፣ ደግመው እንዳልጠይቃቸውም ለመኑኝ።

ሥራዬን አልተውኩም፣ መኪናዋም ደህና ናት፣ ከዚያ ወዲህ በትርፍ የከሰሰኝ የለም። ሲሪንቃን ሳልፍ የተለየ ነገር አይታየኝም፣ አይሰማኝም፣ ለዚህ ነው አምኛለሁ የማልልህ። ብቻ አንዳንድ ቀን ተሳፋሪ አጥቼ ከወልድያ ባዶዬን እመለስና፣ ቤት ደርሼ ሞተሩን ሳጠፋ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ድምፄ ጎርንኖ አገኘዋለሁ፣ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ እንደመጣ ሰው።